ፀሐይን ቤት ውስጥ መሥራት፦ አረንጓዴ ኢጓናን ስለ ማኖር

(በዋሽንግተንና አካባቢው ለሚኖሩ ወላጆችና ወጣቶች የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



የዛሬው ርእስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ እንደሚሆን አውቃለሁ። እኛ ውሻን እንኳ ከግቢ በር አልፎ ሳሎን ሲገባ አይተን አላደግንም። ልጆቻችን ግን የሚያድጉት ግቢ በሌለው አፓርታማ ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲውሉም ጓደኞቻቸው ስለ ቤት እንስሶቻቸው ሲያወሩ ይሰማሉ። ልጅ መጀመሪያ ውሻ ይጠይቃል፤ አከራዩ አይፈቅድም። ቀጥሎ ድመት ይጠይቃል፤ ከቤተሰቡ አንዱ አስም አለበት። በመጨረሻ ኢጓና ይጠይቃል። ኢጓና አይጮኽም፣ ጠጉር አያረግፍም፣ አውጡኝ አይልም፣ የሚበላው ደግሞ ጎመን ነው። እንስሳት መሸጫው ውስጥ ያለው ጫጩት መዳፍ ላይ ያርፋል፤ ዋጋውም ከአንድ ጥንድ የልጅ ጫማ ላይበልጥ ይችላል። አባት ወይም እናት «እሺ፣ ይሁን» ይላሉ።

እኔ የምሠራው ተሳቢ እንስሳትን በሚያክም ክሊኒክ ውስጥ ነው። ታመው ከሚመጡት ኢጓናዎች አብዛኞቹ ክፉ ሰው እጅ የወደቁ አይደሉም። ስም አውጥተውላቸው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ይዘዋቸው የሚመጡ ሰዎች አሏቸው። የታመሙት ሙቀትና ብርሃን ጎድሏቸው ነው። ስለዚህ ዛሬ ደጋግሜ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ኢጓና ወደ ቤት የሚያስገባ ሰው የሐሩር አገር የአየር ጠባይን በቤቱ ሠርቶ፣ ከ15 እስከ 20 ዓመት ሳያቋርጥ ለማስኬድ ቃል እየገባ ነው። ይህን ማድረግ ይቻላል፤ በደንብ የሚያደርጉ ሰዎችን አውቃለሁ። ግን ከመግዛቱ በፊት መታወቅ አለበት።

እንስሳውን ላስተዋውቃችሁ። አረንጓዴው ኢጓና የአፍሪካ እንስሳ አይደለም። አገር ቤት የምናውቃቸው እስስትና አርጃኖ የሩቅ ዘመዶቹ ናቸው። በቁመቱ አርጃኖን ቢያስታውሳችሁ አያስገርምም፤ ነገር ግን አርጃኖ ሥጋ በል ነው፣ ኢጓና ደግሞ ቅጠል በል። አገሩ ከሜክሲኮ ተነሥቶ በመካከለኛው አሜሪካ በኩል እስከ ብራዚልና ፓራጓይ ይዘልቃል፤ በአንዳንድ የካሪቢያን ደሴቶችም ይኖራል። ኑሮው ወንዝ ዳር ካሉ ረጃጅም ዛፎች ላይ ነው። ቅጠሉን እዚያው ይበላል፣ ፀሐዩን እዚያው ይሞቃል፣ ጭልፊት ወይም ሌላ ጠላት ሲመጣበት ከቅርንጫፉ ወደ ውኃው ይወረወርና በጅራቱ እየቀዘፈ ያመልጣል።

ጥንካሬውን ከአንድ እውነተኛ ታሪክ ተረዱት። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመስከረም 1995 ሉዊስና ማሪሊን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች ምሥራቃዊውን ካሪቢያን መቱ። ከሳምንታት በኋላ በአንጉዊላ ደሴት ዳርቻ ማዕበል የነቀላቸው ዛፎች ተቆላልፈው ከባሕር ወጡ፤ ከግንዶቹ ጋር ቢያንስ 15 አረንጓዴ ኢጓናዎች አብረው መጡ። ደሴቲቱ ከዚያ በፊት ይህ ዓይነቱ ኢጓና አልነበረባትም። ኤለን ሴንስኪና ባልደረቦቿ ታሪኩን በ1998 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳተሙት፤ የመጡት ከጓዴሎፕ ሳይሆን እንደማይቀርም ገመቱ። ጨው ውኃ ላይ፣ ግንድ ላይ ተጣብቆ፣ ከደሴት ደሴት የሚሻገር እንስሳ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ፍጥረት እንዴት ሳሎን ውስጥ ይሞታል?

ባሕሩ ላይ ሳለ ፀሐይ ከራሱ በላይ ነበረች። ሳሎን ውስጥ የለችም።

እኛ የሰውነታችንን ሙቀት ራሳችን እንሠራለን። ውርጭም ይሁን ሐሩር 37 ዲግሪ አካባቢ እንቆያለን፤ ከምንበላው ምግብ ትልቁ ድርሻ የሚቃጠለውም ለዚሁ ነው። ኢጓና ሙቀቱን ከውጭ ይወስዳል። ጠዋት ቅርንጫፍ ላይ ተዘርግቶ ይሞቃል፣ ሲበዛበት ወደ ጥላ ይገባል፣ ሲበርደው ተመልሶ ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ ሥራው ይህ ነው። ሙቀት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የፍሎሪዳ ሰዎች በየጊዜው ያያሉ። በጥር 2020 የማያሚው የብሔራዊ አየር ትንበያ ቢሮ፣ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ኢጓናዎች ከዛፍ ሲወድቁ ብታዩ አትደነቁ ብሎ ለሕዝብ አስታውቆ ነበር። እውነትም ይወድቃሉ። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጡንቻቸው አይታዘዝም፤ የያዙትን ቅርንጫፍ ይለቃሉ። ብርዱ ካልጠና ፀሐይ ስትወጣ ብዙዎቹ ይነቃሉ።

አፓርታማችሁ 10 ዲግሪ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ችግሩ ያለው እኛ ተመችቶን በምንቀመጥበት 21 ዲግሪ ላይ ነው። በ21 ዲግሪ ኢጓና አይወድቅም፣ አይደነዝዝም፣ ይበላል እንኳ። ነገር ግን የበላውን መፍጨት አይችልም። ቅጠልን የሚያፈርሰው የእሱ ሆድ ብቻውን አይደለም። ትልቁ አንጀቱ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው ቅጠሉን የሚያብላሉት፤ እነሱም የሚሠሩት ሰውነቱ ሲሞቅ ነው። ስለ እነዚህ ሕዋሳት አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። ካትሪን ትሮየር የተባለች ተመራማሪ በፓናማ ጥናቷ እንዳሳየችው፣ ከእንቁላል የወጡ ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ አዋቂ ኢጓናዎች ቀርበው ከሰገራቸው ይቀምሳሉ። በዚህ መንገድ ቅጠል አብላዩን ሕዋስ ከትልልቆቹ ይወርሳሉ። ትሮየር ይህን በ1982 ስታሳትም፣ ብቸኛ የሚመስለው ተሳቢ እንስሳ በጨቅላነቱ የሌሎቹን መኖር የሚሻበት ምክንያት ግልጽ ሆነ።

እንግዲህ በቤት ውስጥ የምትሠሩት ሙቀት አንድ ወጥ አይሁን። ከላይ በሚያሞቅ አምፖል ሥር፣ ሰውነቱን ሙሉ የሚያሳርፍበት ወፍራም ቅርንጫፍ ይኑር፤ እዚያ ላይ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ይሁን። ከዚያ ራቅ ባለው ጫፍ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ። ሌሊት ከ23 በታች እንዳይወርድ። የሌሊቱን ሙቀት ብርሃን በሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ ስጡት፤ እንቅልፍ ያስፈልገዋልና። ሙቀቱን በእጃችሁ ዳሳችሁ አትገምቱ፤ ቴርሞሜትር በሁለቱም ጫፍ ስቀሉ፣ አምፖሉንም ሙቀት በሚቆጣጠር መሣሪያ በኩል አያይዙት፣ እንዳይነካውም በሽቦ ጋርዱት። መሸጫ ቤቶች ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ታያላችሁ። አትግዙት። ኢጓና በተፈጥሮው ሙቀትን ከላይ እንጂ ከሆዱ በታች አይጠብቅም፤ ሆዱ እየተቃጠለ ከድንጋዩ ላይ ሳይነሣ ይቆያል። ክሊኒካችን ውስጥ ያየሁትን የሆድ ቁስል ብታዩ ኖሮ ይህን ሁለት ጊዜ መናገር አያስፈልገኝም ነበር።

አሁን ወደ ብርሃኑ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ኢጓናዎችን የሚያሳጣን ይህ ስለሆነ።

እናቶች፣ አገር ቤት አራስ ልጅን ጠዋት ፀሐይ ታሞቁ የነበረው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የልጁ አጥንት እንዲጠና ነው። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባል ጨረር አለ። ይህ ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ያለ ቫይታሚን ዲ ደግሞ አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምን በሚገባ መውሰድ አይችልም። ፀሐይ የተነፈገ ሕፃን እግሩ ይጎብጣል፤ ሪኬትስ የምንለው ነው። ኢጓና ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እኛ ወተትና እንቁላል በልተን ጉድለቱን በከፊል እንሞላለን፣ ቅጠል ብቻ የሚበላው ኢጓና ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በቆዳው ላይ ተማምኖ የሚኖር መሆኑ ነው።

ብዙ ደግ ሰዎች እዚህ ላይ ይታለላሉ። የኢጓናውን ሣጥን መስኮት ዳር ያስቀምጡና ፀሐይ አገኘ ይላሉ። የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ያንን ጨረር ግን ያስቀረዋል። ኢጓናው በብርሃን ተጥለቅልቆ አጥንቱ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የመስታወት ሣጥኑን በበጋ በረንዳ ላይ ማውጣት ነው፤ ውስጡ በጥቂት ደቂቃ ይግልና እንስሳውን ይገድለዋል። ወደ ውጭ ማውጣት ከፈለጋችሁ፣ እኔም አጥብቄ እመክራለሁ፣ በሞቃት ቀን በሽቦ ማደሪያ፣ ግማሹ ጥላ ሆኖ፣ እናንተም አጠገቡ ሆናችሁ ይሁን።

ለቀሪው ዓመት የሚያስፈልገው አልትራቫዮሌት ቢ የሚሰጥ የተሳቢ እንስሳት መብራት ነው። ረጅሙ የፍሎረሰንት ቱቦ ጥሩ ነው፤ አካሉን ሙሉ ያዳርሳል። በመብራቱና በእንስሳው መካከል መስታወትም ፕላስቲክም አይግባ። ርቀቱ አምራቹ በጻፈው ልክ ይሁን፤ ለብዙዎቹ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በቀን 12 ሰዓት ያህል ይብራ። ለአትክልት የሚሸጠው፣ «እንደ ቀን ብርሃን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ተራ አምፖል ይህን አይሠራም። እንዲሁም እባካችሁ ይህን ያዙልኝ፦ ቱቦው ለዓይናችሁ እንደ ደመቀ ሳለ ጨረሩ ያልቃል። ስለዚህ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጥ። የተገዛበትን ቀን በማርከር ማቀፊያው ላይ ጻፉበት።

ጨረሩ ሲጎድል የሚመጣውን በሽታ ወላጆች አያውቁትም፤ መጀመሪያ ላይ ጤና ይመስላልና። በደሙ ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ፣ ልቡና ጡንቻው እንዳይቆሙ ሰውነት ከአጥንቱ እየቦረቦረ ይወስዳል። የሳሳውን አጥንት ለመደገፍ በዙሪያው ጅማታማ ሥጋ ይሞላል። የኋላ እግሮቹ ጭን ይወፍራል፤ አገጩ ያብጣል። ልጁ «አየህ አባዬ፣ ወፈረ!» ይላል። ቀጥሎ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሲሄድ ሆዱን ከመሬት ማንሣት ይሳነዋል፤ መንጋጋው ሲነካ እንደ አጥንት መጽናት ቀርቶ ይለመጣል፤ ከሶፋ ላይ ዘሎ እግሩ ይሰበራል። ቀድሞ የተደረሰበት ይድናል። ሐኪም ካልሲየም ይሰጠዋል፣ መብራቱ ይስተካከላል፣ በወራት ውስጥ አጥንቱ ይጠናል። የጎበጠው አከርካሪ ግን እንደ ጎበጠ ይቀራል። የወፈረ ጭንና ያበጠ አገጭ ያያችሁ ዕለት ሐኪም ፈልጉ።

ወደ ምግቡ ስመጣ ደስ የሚል ዜና አለኝ። እዚህ አገር ለጎመን ወጥ የምንገዛው፣ በሰፋፊ ቅጠሉ የታሰረው ጎመን ለኢጓና ከሚሰጡት ቅጠሎች ከላይኞቹ አንዱ ነው፤ ካልሲየም አለው። እንግዲህ ከድስቱ ድርሻውን ቀድማችሁ አንሡለት፤ ጥሬውን፣ ታጥቦ፣ ደቀቅ ብሎ ተከትፎ። ዘይትና ሽንኩርት የነካው አይሆንም። ኢጓና ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነው፤ ፍስክ የለውም። በድሮ መጻሕፍት የድመት ምግብ፣ እንቁላል፣ ነፍሳት ስጡት የሚል ምክር ይገኛል። በዚያ ምክር ያደጉ ኢጓናዎች ጥቂት ዓመት ፈጥነው ያድጉና ኩላሊታቸው ይወድቃል። እኛ ዘንድ ፍቅር በጉርሻ ይገለጻል፤ በእንግድነት የመጣች አያትም ሆነች ጎረቤት ከዶሮው ቆንጥራ ልታጎርሰው ትችላለች፣ ከልቧ። ቀድማችሁ ንገሯት።

ጎመን ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ ቅጠል ሁልጊዜ መስጠት ጥሩውንም ወደ ጉዳት ይለውጠዋል፤ የጎመን ዘሮች ሲበዙ የእንቅርት ዕጢን ያውካሉ። የሰናፍጭ ቅጠል፣ ሜዳ ላይ የሚበቅለው ዳንዴላዮን ቅጠሉም ቢጫ አበባውም፣ አልፋልፋ፣ የበለስ ቁልቋል ቅጠል እሾኹ ተልጦ፣ የተፈቀፈቀ ዱባ እያፈራረቃችሁ ስጡ። ሜዳ ላይ የምትለቅሙት ፀረ አረም ያልተረጨበት ይሁን። ፍራፍሬ ትንሽ ብቻ። የቅጠሉ ካልሲየም ከፎስፈረሱ ሁለት እጥፍ ገደማ እንዲሆን ነው የምንሻው፤ ሙዝ ልጆች ለመስጠት ቢወዱትም ሚዛኑ በተቃራኒው ነው። ቆስጣና ስፒናች አረንጓዴ ስለሆኑ ጥሩ ይመስላሉ፤ በውስጣቸው ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ስለሚይዝበት ግን አልፎ አልፎ እንጂ የዕለት ምግብ አይሁኑ። ሰላጣ ከውኃ ብዙም አይበልጥም፤ ሆዱን ሞልቶ ያስርበዋል። አቮካዶ ፈጽሞ አትስጡት። የካልሲየም ዱቄት ምን ያህል እንደሚነሰነስ በዕድሜውና በመብራቱ ልክ ሐኪሙ ይንገራችሁ። ምግቡን በጠዋት ስጡት፣ ቀኑን ሲሞቅ እንዲፈጨው።

ውኃን በሳህን ከመጠጣት ይልቅ ከቅጠል ላይ ጠብታ መላስ ይቀናዋል። ስለዚህ በቀን ሁለት ሦስቴ ማደሪያውን በንጹሕ ውኃ እርጩ፣ እርጥበት መለኪያው ከ60 እስከ 80 በመቶ መሆኑን ተመልከቱ። የክረምት ማሞቂያ የቤታችንን አየር ያደርቀዋል፤ የእኛ ከንፈር ሲሰነጠቅ የእሱ ኩላሊት እየተጎዳ ነው። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም ይወዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጸዳዳው እዚያው ነው። ሲያስነጥስ አፍንጫው ዳር ነጭ ነገር ብታዩ አትደንግጡ። የተረፈ ጨውን በአፍንጫው ዕጢ በኩል የሚያስወጣበት መንገድ ነው።

ስለ ቦታ ባጭሩ። ያ መዳፍ ላይ ያረፈው ጫጩት በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ከነጅራቱ አንድ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ሲያረጅ ወንዱ አንድ ሜትር ተኩል ያልፋል። በመሸጫው ያያችሁት የመስታወት ሣጥን ለወራት እንጂ ለዕድሜ አይሆንም። አዋቂው ቁመቱም ርዝመቱም 1.8 ሜትር፣ ጥልቀቱ 0.9 ሜትር የሆነ ማደሪያ ቢያንስ ያስፈልገዋል፤ ቁም ሣጥን የሚቆምበትን ግድግዳ ይወስዳል ማለት ነው። የዛፍ እንስሳ ነውና ከርዝመቱ ይልቅ ከፍታው ይበልጥበታል። ከእናንተ ዓይን በላይ የሚቀመጥበት ቦታ ሲያገኝ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ስለ ፍርሃት ካነሣሁ፣ ልጆች፣ ይህን ስሙኝ። ኢጓና በአናቱ ላይ ሦስተኛ ዓይን አለው። እንደ ሁለቱ ዓይኖቹ መልክ አያይበትም፤ ብርሃንና ጥላን ይለይበታል። ከላይ የሚመጣ ጥላ ለእሱ ጭልፊት ነው። እጃችሁን ከላይ አታውርዱበት፤ ከጎን፣ ቀስ ብላችሁ፣ እያያችሁ ቅረቡት። ራሱን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ፣ የአገጩን ሥር ቆዳ ሲዘረጋ፣ ጎኑን አሳይቶ ሲቆም «ራቁ» እያለ ነው። ካልሰማችሁት በጅራቱ ይገርፋል፣ ያማል። በጅራቱ ግን በጭራሽ አትያዙት፤ ጅራቱን ለጠላቱ ጥሎ የሚያመልጥ እንስሳ ነው። ጅራቱ ዳግም ሲበቅልም እንደ ቀድሞው መልኩ አይሆንም።

ወንዱ ለአቅመ አዳም ሲደርስ በየዓመቱ ለጥቂት ወራት ጠባዩ ይለወጣል። ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ ያደላል፣ ትናንት ትከሻ ላይ የተኛው ዛሬ ይነክሳል። ጥርሶቹ ቅጠል መቁረጫ ናቸው፤ ቁስላቸው ስፌት ሊያስፈልገው ይችላል። በዚህ ወቅት ብዙ ቤተሰብ ኢጓናውን ሊያስወግድ ያስባል። ወቅቱ ያልፋል፤ እስኪያልፍ ልጆችን አርቃችሁ፣ ፊታችሁን ወደ እሱ ሳታስጠጉ ቆዩ። የሴቷ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ሴት ኢጓና ወንድ ሳታይም እንቁላል ትይዛለች፣ ከ20 እስከ 70 ሊደርስ ይችላል። የምትቆፍርበት እርጥብ አሸዋና አፈር ካላገኘች እንቁላሉን ይዛ ትቀራለች፤ ይህም ይገድላታል። ጫጩት ሳለ ጾታው አይለይም፤ ስለዚህ «የእኛ ወንድ ነው» ብሎ የተዘናጋ ቤት ይህን በድንገት ያገኘዋል። ምግብ አቁማ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ ያለ ዕረፍት ጥግ ጥጉን የምትቧጥጥ ኢጓና ካያችሁ ጊዜ አትስጡ።

አሁን ደግሞ ለአያቶች ጭምር የምለው አለኝ። ጤነኛ የሆነ ኢጓና እንኳ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ በአንጀቱ ይዞ ሊኖር ይችላል። እሱን አያሳምመውም፤ በመታጠብም አይጠፋም። ሰው ላይ ብርቱ ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል፣ ጨቅላ ሕፃን ላይ ሲደርስ ወደ ደም ገብቶ ሕይወት ያሰጋል። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከኢጓና ጋር የተያያዘ የሳልሞኔላ ሕመም ሲጠና፣ ከታመሙት ብዙዎቹ ጨቅላዎች ሆነው ተገኙ፤ አብዛኞቹም እንስሳውን በእጃቸው ነክተው አያውቁም ነበር። ባክቴሪያው የደረሳቸው በትልልቆቹ እጅ ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ5 ዓመት በታች ልጅ፣ ከ65 ዓመት በላይ አዛውንት ወይም የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ባለበት ቤት ተሳቢ እንስሳ እንዳይገባ ይመክራል። የእኛ ቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሦስት ትውልድ አንድ ላይ የሚኖርበት ነው፤ አራስ አለ፣ አራሷን ለመንከባከብ ከአገር ቤት የመጣች አያት አለች። እንዲህ ባለ ቤት የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ልጆቹ እስኪያድጉ ይቆይ። ለሌላው ቤት፦ ከነካችሁት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ዕቃዎቹ በኩሽና ማጠቢያ ውስጥ ፈጽሞ አይታጠቡ፣ እሱም ምግብ በሚሠራበት ቦታ አይዙር። እኛ በእጃችን የምንበላ፣ ከአንድ ትሪ የምንቋደስ ሰዎች ነን፤ ጥንቃቄያችን ከሌላው ሊበልጥ ይገባል።

ሕጉንም እወቁ። ሃዋይ ኢጓና ማኖርን ትከለክላለች፤ የኒው ዮርክ ከተማም እንዲሁ። ፍሎሪዳ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ በተከለከሉ እንስሳት ዝርዝር ውስጥ አስገብታዋለች። ምክንያት አላት። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያመለጡና የተለቀቁ ኢጓናዎች እዚያ ተራብተው የቦይ ግድግዳ እየቦረቦሩ፣ አትክልት እያወደሙ ነው። ታላቁ ካይማን ደሴት በጥቅምት 2018 የማስወገድ ዘመቻ ጀምራ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢጓናዎች ተገድለዋል። በ1990ዎቹ ወደ አሜሪካ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጫጩቶች ለቤት እንስሳነት ይገቡ ነበር። በሞቃት አገር ከተጣሉት መካከል የተረፉት ሌላውን ፍጥረት ጎዱ፤ በእኛ አካባቢ ሜዳ ላይ የሚጣለው ደግሞ የመጀመሪያውን ውርጭ አያልፍም። ማኖር የተሳነው ሰው ለተሳቢ እንስሳት መጠለያ ይስጥ እንጂ ጫካ ወስዶ አይልቀቅ። የአከራያችሁንም ውል አንብቡ።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ አሁንም የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ደስ ይለኛል፤ የምትሠሩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ጫጩት አትግዙ። ከመጠለያ አዋቂ ኢጓና ውሰዱ፤ ጾታውም ጠባዩም የታወቀ ነው፣ መጠኑም አያስደነግጣችሁም፣ ቤት የሚፈልጉም ብዙ አሉ። ከመውሰዳችሁ በፊት ማደሪያውን ሥሩና ሁለት ሳምንት ባዶውን አስኪዱት፤ መብራቱ በርቶ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ጠዋት፣ ቀትርና ሌሊት እየተለካ፣ በደብተር እየተጻፈ። የኤሌክትሪክ ሂሳቡም ስንት እንደሚጨምር እግረ መንገዳችሁን ታዩታላችሁ። መንገድ ስትሄዱ ማን እንደሚያበላው ከአሁኑ ተነጋገሩ። የተሳቢ እንስሳት ሐኪም አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ ይህን አያክምም። የተሳቢና የእንቁራሪት ወገን እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በየአካባቢው ያሉ አባላቱን ዝርዝር ለሕዝብ ያወጣል። እንስሳው በመጣበት ሳምንት ለምርመራ ስትወስዱት ትኩስ ሰገራውን በትንሽ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ የአንጀት ጥገኛ ትል የሚታየው ከዚያ ነውና። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ስለ መብራቱ ስለሚሆን ዓይነቱንና የተገዛበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።